ባቡሩን ላስቀረችው እህቴ

ይድረስ ለእታለም ኑርሀያት ኢስሃቅ፣
ጅቡቲ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ወደዚህ ይመጣል ተብሎ ሳይመጣ በቀረው ጭነት ልክ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ይህን ያህል ሰላምታ ከዚህ አገር የላከ ሰው የለም፤ በስምንት ዓመት ያልመጣ ጭነት ብዙ ነውና። ጤናሽ እንዴት ነው? ከዚህ ሳለሽ ያስቸግርሽ የነበረው ወገብሽ ለጅቡቲ ሙቀት እሺ አለ ወይስ ባሰበት? ባለቤትሽ ሙዓዝስ? ወደቡ ላይ እስካሁን ጆንያ ይሸከማል ወይስ ማሽን ተክቶት አረፈ? ልጃችን ኢንሳፍ እንዴት ናት? አዝለሻት ስትሄጂ ሁለት ጥርስ ነበራት፤ ይኸኔ የወተት ጥርሷን ነቅላ ጨርሳ ሌላ አብቅላለች። ሁላችሁም ሰላም ናችሁ? በጣም ሰላም ናችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ደኅንነቴን ወረድ ብዬ በኪሎ እነግርሻለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የጎረቤታችን የኡሙሰልማ ልጅ ኑርሁሴን ነው። ከኮምቦልቻ ጅቡቲ የሚመላለስ ትልቅ መኪና ይነዳል። በስልክ ብደውልልሽ አታነሺም። በሰው ስልክ ብደውል ደግሞ ድምፄን ስትሰሚ ይቋረጣል፤ ኔትወርክ ነው እያልኩ ሰው ፊት አስተባብዬልሻለሁ። ደብዳቤ ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። ልትቀድጂው ካሰብሽም ጨርሰሽ አንብበሽ ቅደጂው። ግማሹ የእኔ ነገር ስለሆነ ቢቀደድ ግድ የለም፤ ግማሹ ግን የሁለት መቶ አርባ ልጆች ነገር ነው።

የጤናዬን ነገር ልጨርስ። የምጠብቀው መጋዘን ውስጥ ከባቡር ለሚወርድ ጭነት የተተከለ ትልቅ ሚዛን አለ። አንድ ኩንታል ስንዴ፣ አንድ ካርቶን ሳሙና ወጥቶበት አያውቅም። የጥበቃ ሥራ ኃላፊነት ያለበት ሥራ ነውና ሚዛኑ ሥራ ፈትቶ እንዳይዝግ ብዬ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ እኔ እወጣበታለሁ። መጀመሪያ የወጣሁበት ጊዜ ስልሳ ስምንት ኪሎ ነበርኩ። እናታችን ያረፈች ዓመት ስልሳ አንድ ገባሁ። ከጦርነቱ በኋላ ሃምሳ አራት። በዚህ አያያዜ ባቡሩ እስኪመጣ ብቆይ ሚዛኑ እኔንም እንደ ሌላው ጭነት አልመጣም ብሎ ይቆጥረኛል። ለምን አላገባህም እንዳትዪኝ ደግሞ፤ ባዶ ቤት ለሚጠብቅ ወንድ ልጁን የሚሰጥ አባት በተሁለደሬ ምድር አልተገኘም።

እናታችን ስታርፍ ለኡሙሰልማ ደውለሽ አለቀስሽ። ስልኩን ይዛ የተቀመጠችው እኔ አጠገብ ነበር፤ ድምፅሽን ሰምቼዋለሁ። «እሱ አለ?» ብለሽ ትጠይቂ እንደሆነ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ስለ ከብቱ ጠየቅሽ። ከብቱ ደኅና ነበር።

እንግዲህ ስለ መጋዘኑ። አንቺ የምታውቂው መሠረቱ ሲቆፈር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሽም። የአባባ ማሽላ ከዳር እስከ ዳር ይበቅልበት የነበረውን ሁሉ ይዞ ነው የተኛው። ግድግዳው ረጅም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፤ በአንድ ወገን ባቡሩ፣ በአንድ ወገን የጭነት መኪናው የሚጠጉበት የማራገፊያ መድረክ አለው። ሀዲዱ እሱ ድረስ መጥቶ እንደተጣላ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። ባቡሩን እስካሁን ያየው የለም። ከመድረኩ ላይ ሆነሽ ሽቅብ ብታዪ የአምባሰል ተራራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔም እዚያ ተቀምጬ የአምባሰልን ዜማ በፉጨት ሳወጣ ስምንት ክረምት አሳልፌያለሁ። ሰው ከሌለ ሕንፃው ያስተጋባል። አንድ ቀን ያንቺን ስም ጠራሁበት፤ አራት ጊዜ መለሰልኝ። ካንቺ ይሻላል አልኩ።

ያን ቀን ታስታውሽዋለሽ። እኔም የማነሣው ነገሩ ሁሉ ከዚያ ስለሚጀምር እንጂ ቁስል ልነካ ብዬ አይደለም። በ2007 ዶዘሩ ማሽላውን ሲገለብጥ ድንበሩ ላይ ቆመሽ መቀነትሽን ፈታሽ። ሴት መቀነቷን ፈትታ የተናገረችውን ሰማይ ቆሞ ይሰማል ይባል የለ? «የተጫነ አይራገፍበት፤ የገባ አይርጋበት» አልሽ። መቀነቱን መልሰሽ ሳትታጠቂ፣ ካሳውን በእጅሽ ሳትነኪ፣ ኢንሳፍን አዝለሽ በባቲ በኩል ሙዓዝን ተከትለሽ ወረድሽ። እኔ ደግሞ በሳምንቱ የግንባታው ዘበኛ ሆኜ ተቀጠርኩ። የአባቱን መሬት ከአባቱ ልጆች የሚጠብቅ ዘበኛ ብለሽ በሰው አፍ ላክሽብኝ፤ ደርሶኛል። ከአንቺ የመጣልኝ የመጨረሻ ነገር እሱ ስለሆነ አልጣልኩትም።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ መሰለሽ? ምንም አልሆነ። ሥራው ቆመ፣ ቀጠለ፣ ቆመ። በ2010 ለውጥ መጣ ተባለ። ለውጡም እውነት ነበር፤ ሊጎበኙን የሚመጡት ሹማምንት ተለወጡ። እያንዳንዱ መድረኩ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሣል፣ በስድስት ወር ባቡር ይገባል ይላል፣ ይሄዳል። አንድ ጊዜ የመዘግየቱን ምክንያት የሚያጠና ቡድን መጥቶ ነዋሪውን ሰበሰበ። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል ሲሉ ኡሙሰልማ ብድግ ብላ ኑርሀያት ናት አለቻቸው። ጸሐፊው ቀና ሳይል የየትኛው መሥሪያ ቤት ኃላፊ እንደሆንሽ ጠየቀና ጻፈሽ። በጥናቱ ላይ ስምሽ ከሲሚንቶ እጥረት ቀጥሎ በተራ ቁጥር አራት ላይ አለ ይላሉ።

ሰው ሁሉ እየሳቀ ነበር ይህን የሚያወራው። ጦርነቱ ሲመጣ ሳቁ ቀረ፤ ወሬው ግን አልቀረም። በ2013 ክረምት መጨረሻ ከራያና ከወልድያ በኩል የሸሸ ሰው ገባ። ቀበሌው መጋዘኑ ይከፈት አለ፤ ከፈትኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ሁሉ ሲሚንቶ የሰው ድምፅ ሰማ፤ ሕፃን አለቀሰበት፣ ሽንኩርት ተከተፈበት። እንግዲህ ሰው ረጋ ስል በጥቅምት ጦርነቱ እኛም ጋ ደረሰ፤ ዕቃውን ፈትቶ ያልጨረሰው ሰው መልሶ ሸክፎ ወደ ደሴ ነጎደ። የሠፈራችንም ሰው ተከተለ። «የገባ አይርጋበት» ያልሽው የደረሰው እዚህ ላይ ነው፤ እኔ ሳልሆን ሰው ነው ያለው።

እኔ ቀረሁ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስልሽ፤ ቁልፉን ይዤ የት እሄዳለሁ? ባለጠመንጃ መጣና ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። ባዶ ነው አልኩት። በዱላ የሚጠበቅ ባዶ ቤት አይቶ የሚያውቅ አይመስልም፤ አላመነኝም። ሰብሮ ገብቶ ባዶ መሆኑን ሲያይ የወሰድኩት እኔ ይመስል ተቆጣኝ። በሮቹ ሄዱ፣ የአንዱ ወገን ቆርቆሮ ሄደ። ሚዛኑን ለስድስት ሆነው ሞከሩት፤ አልነቃነቅም አላቸው። ማን ነበር ብለሽ አትጠይቂኝ፤ በዚያ አንድ ወር ተኩል ሐይቅን ብዙ ሰው የእኔ ናት ብሏታል፣ ቆርቆሮ ደግሞ የወሰደውን ሰው ስም አይዝም። የልጆቹ ትምህርት ቤትም በዚያው ሰሞን አለቀ። ዴስኩ ማገዶ ሆነ፣ ጣሪያው ወረደ፣ መጽሐፉ በዝናብ በሰበሰ።

አገሩ ሲረጋጋ ርዕሰ መምህርቷ ባንቺአየሁ፣ የአናጢው የዝናቡ እህት ናት፣ ከቅሬያችን ድንኳን ለምና ልጆቹን በድንኳን ማስተማር ጀመረች። ቅሬው ለቀብርና ለለቅሶ የተቋቋመ ነውና ሰው በሞተ ቁጥር ድንኳኑ ይነቀላል፤ ትምህርትም ይዘጋል። በዚያ ዓመት ደግሞ ሰው ይሞት ነበር። ልጆቹ ጠዋት ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ማን ሞተ ብለው ሆነ። ባንቺአየሁ ይህን የሰማች ዕለት እኔ ጋ መጥታ መድረኩ ላይ ተቀመጠች። ግራ ቀኝ አየችና፣ በር እንኳ ያልቀረለትን ቤት ቁልፍ እንድሰጣት አልጠየቀችኝም፤ እንድከፍትላት ጠየቀችኝ። በስምንት ዓመት እንደዚያ የጠየቀኝ ሰው የለም።

ከዚያ የማመልከቻው ዘመን ሆነ፤ በወረቀቱ ብዛት ጣሪያውን መልሶ መክደን ይቻል ነበር። በስተመጨረሻ ተፈቀደ። ፈቃዱን ያመጣው ሹም መድረኩ ላይ ወጥቶ «ይህ ታሪካዊ የጭነት ሕንፃ» ብሎ ንግግር ጀመረ። እታለም፣ አንድ ጆንያ ሳያራግፍ ታሪክ ሆነ። እንደኛ አገር ሕንፃ ታሪክ ለመሆን የሚቸኩል የለም። ትምህርት ቤት ማለትም ቀረ፤ ካምፓስ ነው የሚባለው ብለውናል። ኡሙሰልማ ቃሉ አልያዝላት ብሎ እስካሁን «ያ ነገር» ትለዋለች።

ዘንድሮ ክረምት ሠፈሩ በደቦ ወጣ። ዓርብ ክርስቲያኑ ይሠራል፣ እሑድ እስላሙ ይሠራል፤ በዚህ አካሄድ ሕንፃው ሰንበት የሚባል አላየም። ግድግዳው ተበስቶ መስኮት ወጣለት፣ አዳራሹ በችፑድ ስምንት ክፍል ሆነ። ችፑዱ ጣሪያው ድረስ ስለማይደርስ መምህራኑ ድምፅ ሊሞክሩ ገብተው ነበር፤ የአማርኛው መምህር ግስ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቅ ከወዲያኛው ክፍል የሒሳቡ ሰባት ብሎ መለሰለት። በየግድግዳው ላይ ለጭነቱ የተጻፈው ትልቅ ጽሑፍ አልጠፋም። «ተሰባሪ ዕቃ» የሚለው ክፍል ለአንደኛ ክፍል ደረሰ፤ «ተቀጣጣይ ዕቃ» የሚለው የመምህራን ማረፊያ ሆነ። ቀለም ይቀባበት ሲሏት ባንቺአየሁ ልክ ነው፣ ይቆይ አለች። ከዚያ ወዲህ ሕንፃው ማስተጋባት አቁሟል። ችፑዱ ድምፅ ይውጣል መሰለኝ። አንድ ቀን ማንም ሳይኖር ስምሽን ሞከርኩት፤ አንዴም አልመለሰ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ጳጉሜን ሊገባ ሲል አናጢው ዝናቡ የመጨረሻውን ችፑድ ሲመታ መሰላሉ ከዳውና ወድቆ ክንዱን ሰበረ። ሲወድቅ ያንቺን ስም ጠራ ይላሉ፤ እኔ ከታች ነበርኩ፣ የጠራው የእናቱን ነው። ሆኖም ማን ይስማኝ? የኑርሀያት ቃል ገና አልተነሣም ተባለ። መስከረም 9 ትምህርት ሲከፈት ወላጁ ሁሉ ልጁን አጥቦ፣ አልብሶ፣ እጁን ይዞ መጣ። መድረኩ ጋ ሲደርስ ቆመ። አንዱ አንዱን አየ። ልጁን ቀድሞ የሚያስገባ ጠፋ። ባንቺአየሁ ደውሉን ሦስት ጊዜ ደወለች። ለመቆጣት አፏን ከፍታ ነበር፤ የወንድሟን የታሰረ ክንድ ስታይ ተወችው። ልጆቹ ዞረው ከመድረኩ ጫፍ ካለው ዋንዛ ሥር ቁጭ አሉ።

እስካሁን እዚያው ናቸው። በሩ የተከፈተ፣ ሰሌዳው የተሰቀለ፣ ጠመኔው የተደረደረ ሕንፃ ከፊታቸው ቆሞ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይማራሉ። ሁሉም ልጅ ከዛፉ ጥላ ስለማይደርሰው ትልልቆቹ ፀሐይ ላይ ናቸው። ጥቅምት ደግሞ እየመጣ ነው፤ የጥቅምትን ብርድ አትረሽውም። ሹሙ መጥቶ አይቶ፣ እስከ ጥቅምት 7 ልጆቹ ካልገቡ ሕንፃው ለሌላ መሥሪያ ቤት መጋዘንነት ይሰጣል ብሎ ቁርጡን ነግሮን ሄደ። በእሱ ቤት ሥራ ፈት ሕንፃ መኖሩ ነው ያስቆጨው። ስምንት ዓመት የት እንደነበረ አልጠየቅሁትም፤ እንጀራዬ ነው።

ባለፈው ዓርብ ቅሬው ተሰበሰበ። ሸህ ኑርዬና መሪጌታ ገብረ ኪዳን መሐል ተቀመጡ። እነዚህ ሁለቱ በሕይወታቸው የተስማሙበትን ነገር ቁጠር ብትዪኝ ሁለት አይሞላም፤ በዚህ ግን ተስማሙ። በተፈታ መቀነት የወጣ ቃል የሚመለሰው በተቋጠረ መቀነት ነው፤ የሚቋጥረውም የፈታው እጅ ነው አሉ። ከዚያ ግን አንዱ ከኋላ ሆኖ ጅቡቲ ሩቅ ነው፣ ቀኑም አጭር ነው፣ ወንድሟ እዚህ አለ፣ እሱ ስለ እሷ አውፍ፣ ይቅር ይበልና ይለቅ አለ። ሌላው ተቀበለ። እሱማ ያውቅበታል፣ ያኔም ስለ እሷ ፈርሞ የለ አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

እታለም፣ ልዋሽሽ አልችልም፤ ልል ነበር። ቀላል ነበር። በስልክ አግኝቻታለሁ፣ አውፍ ብላለች ብል ሁሉም አሚን ብሎ ተነሥቶ ነበር፤ ልጆቹም ሰኞ ይገቡ ነበር። አንቺም መቼም አትሰሚም። ውሸት ደግሞ ለእኔ አዲስ አይደለም። ብድግ አልኩና አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«አንድ ጊዜ ወክያት ነው እዚህ የደረስነው» አልኩ። «ሁለተኛ አልወክላትም።»

ከዚያ ኡሙሰልማ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እንግዲያውስ አፉ ያለው ጅቡቲ ነው፣ መኪናው ያለው የኔ ልጅ ዘንድ ነው። ጻፍ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል?» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ያን ፊርማ በአንደበቴ ነግሬሽ አላውቅም። ከሰው ነው የሰማሽው። አንቺ ባቲ ገበያ ወርደሽ ነበር። የመሬቱ ደብተር በሁለታችን ስም ነው፤ ዛሬ ያልፈረመ ምትክ አያገኝም አሉ። እስከ ማታ ጠብቁኝ ማለት እችል ነበር፤ ጎረቤቶቻችን ብለው ተጠብቆላቸዋል። እኔ ግን ሰው ፊት ሰነፍ እንዳልባል ፈጠንኩ። በቀኝ አውራ ጣቴ ለራሴ፣ በግራው ላንቺ አተምኩ። ቀለሙ ከቀኙ በሁለት ቀን ለቀቀ። የግራው ከረመብኝ፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። ወገኔ እንድትሆኚ ብዬ የማቀርበው ምክንያት የለኝም። ያደረግሁት ይህ ነው።

ዘበኛ ለምን እንደሆንኩም ልንገርሽ፤ ይህን ማንም አያውቅም፤ ፖስታውን በሙጫ ያሸግሁትም ለዚህ ነው። ልጆቹ የተቀመጡበት ዋንዛ ያው የአባባ ዋንዛ ነው፤ እትብትሽ ከሥሩ ነው፣ የእኔም ከጎኑ። በፕላኑ ላይ መኪና መዞሪያ ስለሚሆን ሊቆረጥ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ዘበኛ ሆኜ የገባሁት ከእሱ ላለመራቅ ነው። ከዚያ ለፎርማኑ በአስተርጓሚ ከዛፉ ሥር ወልይ ተኝቷል አልኩት። ሌላ አገር አንድ ዛፍ ቆርጦ ሕዝብ ተነሥቶበት ኖሮ ደነገጠ፤ መዞሪያውን ወዲያ ገፋው። ሰውም ሰምቶ ዱዓ ሊያደርግበት መምጣት ጀመረ። ሸህ ኑርዬ አንድ ቀን ለብቻዬ ይዘው የትኛው ወልይ ነው ቢሉኝ፣ ስሙ እንዲነሣ አይወድም አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝና «አባትህ ኢስሃቅም ስሙ እንዲነሣ አይወድም ነበር» ብለው ሄዱ። አወቁብኝ መሰለኝ። ዱዓቸውን ግን አላቋረጡም።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህን ነው። ቂሙ ካንቺ ወጥቶ ከሆነ፣ አንድ መቀነት፣ ያ ያኔ የፈታሽው ባይኖር እንኳ ሌላ ቁራጭ ጨርቅ ይሁን፣ በኑርሁሴን ፊት አውፍ ብለሽ ቋጥረሽ ስጪው። ምስክሩ እሱ ነው። እኛ በሩ ላይ እናስረዋለን። ከማሰሬ በፊት ግን ሚዛኑ ላይ አወጣዋለሁ። ሚዛኑ ከኪሎ በታች አይቆጥርም፣ መርፌውም አይነቃነቅም፤ ቢሆንም ከጅቡቲ ተጭኖ እዚህ የተራገፈ የመጀመሪያው ጭነት እሱ ነው፣ ወጉ ይድረሰው። ሙዓዝ ወዲያ ወደብ ላይ ስንት ሺህ ዕቃ እንዳወረደ አላውቅም፤ እኔ ወዲህ ሆኜ ያቺን አንዷን ነው የምጠብቀው።

ካልወጣልሽም አትቋጥሪ። ይህንን የምለው ልጆቹ አሳዝነውሽ፣ ወይም እኔ አሳዝኜሽ፣ ያላመንሽበትን እንዳትልኪ ነው። እምቢ ካልሽ ቅሬው ፊት ቆሜ እምቢ ብላለች እላለሁ፤ ያንንም አላሳምረውም። ለሕንፃው አውፍ ብለሽ ለእኔ ባትዪም ይገባኛል፤ መቀነቱ ለልጆቹ ነው፣ የእኔ ሌላ ነው። ብቻ እሺም ሆነ እምቢ፣ ዘንድሮ በአንቺ አፍ የሚናገረው ሰው አንቺ ሁኚ።

ኑርሁሴን ሲመለስ የሐይቅን መታጠፊያ እንዳለፈ፣ ከአንቺ የያዘው ነገር ካለ ሦስት ጊዜ ክላክስ እንዲያደርግ ነግሬዋለሁ። ከሌለ ዝም ብሎ ወደ ኮምቦልቻ ይለፍ፤ ወርዶ የለም ብሎ እንዲነግረኝ አልፈልግም። አሁን ከመድረኩ ተቀምጬ የእያንዳንዱን መኪና ክላክስ መለየት ጀምሬያለሁ። ዛሬ ጠዋት አንዱ ሁለት ጊዜ አደረገ። ተነሣሁ። ፍየል ኖሯል።

በይ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለሙዓዝ፣ ወገቡን ይጠብቅ በይው፤ ሸክም የሚታወቀው ሲወርድ ነው። ለኢንሳፍ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አጎት እንዳላት ካላወቀች ቀስ ብለሽ ንገሪያት፣ በአንዴ እንዳትደነግጥ። በልጅነትሽ አብራሽ ውሃ ትቀዳ የነበረችው ኡሙሰልማ በጣም ሰላም ብላሻለች፤ በጥናቱ ላይ ስላስጻፈችሽ አውፍ በይኝ ትላለች፣ እሱ በስልክም ይሆናል። ሸህ ኑርዬ ዱዓ፣ መሪጌታ ገብረ ኪዳን ቡራኬ ልከዋል። አናጢው ዝናቡ ክንዱ እየዳነለት ነው፤ ቅር አላለኝም ብሏል። ባንቺአየሁ አታውቅሽም፤ ሰላምታም አልላከችም። ከዋንዛው ሥር ሆና ልጆቹን ስታስተምር፣ ፀሐዩ በዞረ ቁጥር ትንንሾቹን ወደ ጥላው እየሳበች ታስገባለች፤ እኔ እሱን ሰላምታ አድርጌ ልኬልሻለሁ። ዋንዛው ዘንድሮ ብዙ አብቧል።

የዚህን የመጨረሻ ወረቀት ጀርባ ባዶ ትቼዋለሁ። ኑርሁሴን እዚያ የሚያድረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ ወረቀት ፍለጋ እንዳትወጪ ብዬ ነው።

ወንድምሽ
ሙዘይን ኢስሃቅ

ሐይቅ፣ ከመጋዘኑ መድረክ ላይ
መስከረም 16 ቀን 2015 ዓ.ም.